ካፊያ ሲጀምር መጥታችሁ መንገዱን እዩት

ግልጽ ደብዳቤ

መንገድ ለምትነድፉ፣ ለምትሠሩ፣ ለምትጠግኑ እንዲሁም ሥራውን ተረክባችሁ ለምትፈርሙ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ መንገድ የአየሩ ጠባይ በሚለወጥበት ሰዓት፣ ብስክሌት ላይ ተሁኖ እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ግራ እጄ ከጀሶ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሥራ የምሄደውም የምመለሰውም በብስክሌት ነው፤ እንዲህ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። የወደቅኩበትን መስቀለኛ መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር።

ለሳምንታት ጠብ ሳይል የቆየው ሰማይ ያን ቀን አመሻሽ ላይ ካፊያ ጀመረ። ዝናብ እንኳ አይባልም፤ ልብስ አያርስም፣ የአቧራ ሽታ ብቻ ነው ያስነሳው። ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ከሶምሶማ አይበልጥም ነበር። የፊት ጎማዬ መጀመሪያ የዜብራውን ነጭ ቀለም፣ ወዲያው ደግሞ የማንሆሉን የብረት ክዳን ረገጠ። መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም፤ ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ከመሬት ስነሳ ደህናውን መዳፌን ገልብጬ አየሁት። ጥቁር ቡናማ፣ እንደ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ለብሷል። ያ ነገር ውሃ አልነበረም።

ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ፤ በሁለተኛው ቀን ባለሙያ ተላከ። ሰውየው ትሑትና ሥራውን አክባሪ ነበር። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ በመኪና መጣ። ክዳኑን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው፤ አይንቀሳቀስም፣ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ነው። ቀለሙም አዲስ ነው። «መንገዱ ምንም ችግር የለበትም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰዓት ምንም ችግር አልነበረበትም። እሱ ያየው መንገድና እኔ የወደቅኩበት መንገድ ግን አንድ መንገድ አይደሉም። ቦታቸው አንድ ነው፤ ሰዓታቸው ይለያያል። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ይህን አንድ ነገር እንድትይዙልኝ ብዬ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃና ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩት ቁራጭ ይዤ ተመለስኩ። መኪና እስኪያልፍ እየጠበቅኩ በሦስት ቦታ ውሃ አፈሰስኩ፤ ባዶው አስፋልት ላይ፣ ነጩ ቀለም ላይ፣ ክዳኑ ላይ። የጎማውን ቁራጭ በእጄ ተጭኜ ገፋሁት። አስፋልቱ ላይ ያዝ አደረገኝ፤ እየተንገራገጨ ነው የሄደው። ቀለሙ ላይ ተንሸራተተ። ብረቱ ላይ ደግሞ የገፋሁት እንኳ አልመሰለኝም። ደረቅ ሳሉ ሦስቱንም በተራ ሞክሬያቸው ነበር፤ በእጄ ልለያቸው አልቻልኩም።

መንገድ ላይ ምን እንደሚጠራቀም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይት አለ፣ ከጎማ የሚፋቅ ዱቄት አለ፣ አቧራ አለ። ደረቁ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ይህ ሁሉ በአስፋልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጠቀጠቃል። ካፊያ ሲመጣ ውሃው ያነሳዋል እንጂ አያጥበውም፤ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል። ዶፍ ቢሆን ኖሮ ጠርጎ ይወስደው ነበር። ስለዚህ ብስክሌተኛ ከከባድ ዝናብ ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ካፊያ ይፈራል። የሚያሳዝነው፣ ካፊያ ነው ብሎ ማንም ጥንቃቄ የማያደርገው በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው።

«ጎማህን ቀይር፣ ጥርስ ያለው ግዛ» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ለመልካም ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምክሩ ግን የመጣው ከመኪና ነው። የመኪና ጎማ ሰፊ ስለሆነ በፍጥነት ሲሄድ ውሃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ጥርሱ ውሃውን ወደ ጎን ለማስወጣት ይረዳዋል። የብስክሌት ጎማ ጠባብና በደንብ የተነፋ ስለሆነ እኛ በምንሄድበት ፍጥነት ውሃውን ሰንጥቆ መሬቱ ላይ ይደርሳል። አስጨናቂው ጥያቄ ከደረሰ በኋላ የሚያገኘው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሻካራ ጠጠር ካገኘ ይይዛል። ልሙጥ ብረት ወይም ልሙጥ ቀለም ካገኘ የትኛውም የጎማ ጥርስ አያድነውም። በሌላ አነጋገር መፍትሔው ያለው እኔ በገዛሁት ጎማ ላይ ሳይሆን እናንተ ባነጠፋችሁት ገጽ ላይ ነው።

የምንቆምበትንም ስፋት አስቡልን። ብስክሌቱና ነጂው አንድ ላይ 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ጎማዎቹም በ4 ባር የአየር ግፊት ቢነፉ፣ መሬት የሚነካው የሁለቱ ጎማዎች ገጽ ተደምሮ 22 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ክብሪት ቀፎ ገጽ ብዙም አይበልጥም። መኪና አንድ ጎማው ሸርተት ቢል ሦስቱ ይይዙታል፤ ሾፌሩም ልብ ሳይለው ያልፋል። የብስክሌት የፊት ጎማ በመታጠፊያ ላይ ከሸሸ ግን ሰውየው ወድቋል ማለት ነው። እናንተ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ያልተሰማችሁ ነገር እኛን አጥንት የሚሰብረን ለዚህ ነው።

ሙያችሁ ይህን እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ። የመንገድ ገጽ የመያዝ አቅም የሚለካበት የፔንዱለም መሣሪያ አላችሁ፤ ጫፉ ላይ ጎማ የተገጠመለት ክንድ እየተወዛወዘ ገጹን ይጠርጋል። ያ መለኪያ የሚሠራው ገጹ በውሃ ከራሰ በኋላ ነው። ደረቅ መንገድ ብዙ እንደማይናገር መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ገብቷቸዋል። ታዲያ ለመሣሪያው የምታርሱትን መንገድ በዓይናችሁ ስትፈትሹ ለምን ደረቁን ታያላችሁ? ለመለኪያው የሚፈሰው ውሃ ንጹሕ መሆኑንም አትርሱ። የመጀመሪያው ካፊያ የሚሠራው ዝቃጭ ከዚያ የከፋ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ በነበረበት ቀን ፈተናውን ያለፈ አስፋልት ከዓመታት በኋላ ያው አይደለም። ጠጠሩ በጎማ ብዛት እየተፋቀ ይለሰልሳል፤ ጥንካሬ የሌለው ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይለሰልሳል። ፍትጊያው የሚበዛው መኪና ፍሬን በሚይዝበትና በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ እኛም አጥብቀን መያዝ የምንፈልገው በዚያው ነው።

ስለ ቀለሙ ትንሽ ላቆያችሁ፤ የወደቅኩበት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዜብራውና የመቆሚያ መስመሩ በብዙ ቦታ ቴርሞፕላስቲክ የሚባል፣ በሙቀት ቀልጦ የሚፈስ የፕላስቲክ ቀለም ነው። በሌሊት የመኪና መብራት እንዲመልስ ትንንሽ የመስታወት ጥራጥሬዎች ይነሰነሱበታል። ጥራጥሬው ክብና ለስላሳ ነው፤ ለዓይን እንጂ ለጎማ አይጠቅምም። ለጎማ የሚሆነው ሹል ጠርዝ ያለው የተፈጨ ጠንካራ ድንጋይ ከቀለሙ ጋር ሲጨመር ነው፤ ይህም የታወቀ አሠራር ነው፣ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሮጌው ቀለም ላይ ሌላ እየደረባችሁ ስትሄዱ ደግሞ የገጹ ሻካራነት ጨርሶ ይደፈናል። ጠርዙም ከፍ ይልና ዳር ዳሩን ውሃ ያቁራል። እግረኛን ለማዳን የተቀባ ቀለም ብስክሌተኛን መጣል የለበትም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል።

የማንሆል ክዳንም እንዲሁ ነው። ጥርስ ያለው ሆኖ ይመጣል፣ ጥርሱ ያልቃል፣ ክዳኑ ግን ስላልተሰበረ አይቀየርም። «አልተሰበረም» እና «አላለቀም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን ቦታው ነው የሚያንገበግበኝ። ቀጥ ባለ መንገድ መሐል ያለ ክዳን ብዙም አያስቸግርም፤ ሳልዘነብል፣ ፍሬን ሳልይዝ አልፈዋለሁ። ሰው ተዘንብሎ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ያለ ክዳን ግን ወጥመድ ነው። አዲስ መስመር ስትዘረጉ ሁለት ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ማድረግ በወረቀት ላይ ሳለ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከተቀበረ በኋላ ግን ማን ደፍሮ ያነሳዋል?

የመንገድ ዳር ፍሳሽ የሚገባበትን የብረት ፍርግርግ በተመለከተ ደግሞ የምለው አጭር ነው። ክፍተቱ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ቀጭን ጎማ ውስጡ ይገባል፤ ነጂው በመሪው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል። ደረቅ ቀን አይተን እንሸሸዋለን። ዝናብ ሲዘንብ ግን ውሃው ሸፍኖት የት እንዳለ አይታይም። ዘንጎቹ መንገዱን አቋርጠው እንዲተኙ አዙራችሁ ግጠሙት፤ አልዞር ካለ ቀይሩት። ይህን ለመወሰን ጥናት ማስጠናት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሀዲድ በሚያቋርጥበት ቦታም ብስክሌቱ ሀዲዱን ለዘጠና ዲግሪ በቀረበ ማዕዘን እንዲያቋርጠው የሚያስችል ስፋት ተውልን። በእርጥብ ሀዲድ ላይ ጎማውን በሰያፍ ያሳረፈ ሰው መውደቁ አይቀርም።

ዝናቡ ሲበረታ ሌላ መንገድ ይመጣል። የዘወትር መንገዴን ጉድጓዶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ጥልቅ፣ የትኛው ጠርዙ ስለታም እንደሆነ ጭምር። ውሃ ሲሞላቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መስታወት ይሆናሉ። ትናንት አንድ ጣት የነበረው ዛሬ አንድ ክንድ ሆኖ ሊጠብቀኝ ይችላል፤ ምክንያቱም ውሃ ጉድጓድን ይሸፍናል ብቻ ሳይሆን ይቆፍራልም። በስንጥቅ ይገባል፣ ከላዩ ጎማ ሲጫነው ወደ ጎን እየገፋ ሬንጁን ከጠጠሩ ያላቅቃል። ብርድ በሚጠናበት አገር ደግሞ ውሃው በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራልና ስንጥቁን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። ስንጥቅ መድፈን ከዝናብ በፊት ነው የምንለው ለዚህ ነው። ከዝናብ በኋላ የሚደፈነው ጉድጓድ ነው።

እዚህ ላይ ለሾፌሮችም አንድ ቃል ይኖረኛል። በዝናብ ጊዜ ብስክሌተኛ ከዳር ወደ መሐል ወጣ ሲል ብታዩ ሊያግዳችሁ ፈልጎ አይደለም። ፊት ለፊቱ ውሃ የያዘ ቦታ አለ፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቅም። ፍሬኑ የቸርኬውን ጠርዝ ቆንጥጦ የሚይዝ ብስክሌት ጠርዙ ሲርስ ወዲያው እንደማይቆምም እወቁለት፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች የሚያልፉት ውሃውን በመጥረግ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። እባካችሁ ርቀት ስጡት።

ከዚያ ዝናቡ ያባራል፤ ሰው ሁሉ አደጋው አለፈ ይላል። ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው። ጎርፉ ከኮረኮንች መንገዶች ያወረደውን አሸዋና ጠጠር አስፋልቱ ላይ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶት ይሄዳል። ፀሐይ ሲወጣ ደለሉ ይደርቅና ከአስፋልቱ ጋር ቀለሙ አንድ ይሆናል። አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ተመለከትኩት። መኪና ባለፈ ቁጥር ጎማው ጠጠሩን እየፈናጠረ ወደ ዳር ይገፋዋል። የመኪናው መስመር በግማሽ ቀን ውስጥ ተጠርጎ ጸዳ፤ ጠጠሩ ሁሉ ግን ብስክሌት በሚሄድበት በዳሩ አንድ ክንድ ስፋት ላይ ተከመረ። መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚፈትሽ ሰው መንገዱ ንጹሕ ነው። ልቅ ጠጠር ሞልታችሁ ሳትደመድሙ የምትተዉት ጉድጓድም ይህንኑ ያደርጋል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተጠርጎ ወጥቶ መታጠፊያው ላይ ይበተናል። ያኔ በአንድ ጉድጓድ ፋንታ አንድ ጉድጓድና ሃያ ሜትር ጠጠር ይኖረናል።

የሙቀቱንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሬንጅ የበዛበት አስፋልት በኃይለኛ ፀሐይ ሬንጁ ወደ ላይ ይወጣና እንደተወለወለ ጥቁር ይሆናል፤ ጠጠሩ ሬንጅ ውስጥ ይሰምጣል። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለበት ከብረት ክዳን አይሻልም። ስንጥቅ የተደፈነባቸው ረጃጅም የሬንጅ መስመሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በሙቀት ይለሰልሳሉ፣ በዝናብ ያንሸራትታሉ፣ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ጎማን ይዘው ይጓዛሉ። ውርጭ ባለበት ድልድዮች ከሌላው መንገድ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፤ ከሥራቸውም ነፋስ ያልፋልና። ዛፍ በሚበዛበት ጎዳና የረገፈ ቅጠል ሲርስ ምን እንደሚሆን ለማንም መናገር አያስፈልገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከእነርሱም 6 በመቶው ብስክሌተኞች እንደሆኑ አስፍሯል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ቁጥር ውጪ ያለው ነው። መኪና ሳይነካው በራሱ ተንሸራትቶ የወደቀ ብስክሌተኛ ፖሊስ አይጠራም። ልብሱን አራግፎ ይነሳል፤ ወይም እንደ እኔ እጁን አቅፎ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሐኪሙ ስብራቱን ይመዘግባል፤ የሰበረውን ክዳን የሚመዘግብ የለም። ስለዚህ እናንተ ዘንድ ያለው መዝገብ «በዚህ መስቀለኛ መንገድ አደጋ ደርሶ አያውቅም» ቢል አይገርመኝም። በዚያው ጥግ እኔ ከወደቅኩ በኋላ ሁለት ሰዎች «እኔንም ጥሎኛል» ብለውኛል፤ ሁለቱም ለማንም አላመለከቱም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። የፍተሻ ሰዓታችሁን ቀይሩ። ደረቁ ጊዜ ረዝሞ የመጀመሪያው ካፊያ በሚወርድበት ቀን ሠራተኛ ይውጣ፤ ዝናቡ ባባራ ማግስት ይውጣ፤ ሙቀቱ በበረታበት ከሰዓት በኋላም ይውጣ። በመኪና ሳይሆን በብስክሌት ይውጣ። የብስክሌት ልምድ ያለው ባልደረባ ከሌላችሁ ከእኛ መካከል ጥሩ፤ እንመጣለን። አዲስ መንገድ ወይም አዲስ ቀለም ስትረከቡ መታጠፊያውና ዜብራው ላይ ውሃ ሳይፈስበትና ሳይሞከር አትፈርሙ። ያለቀ ክዳን እንደተሰበረ ክዳን ይቆጠር። ከጎርፍ በኋላ የሚደረገው ጽዳት ከመንገዱ ዳር ይጀምር፤ መሐሉን መኪኖቹ ራሳቸው ይጠርጉታል። ተንሸራትቶ የወደቀ ሰው ያለ ፖሊስ ወረቀት ቦታውንና ሰዓቱን የሚያስመዘግብበት አንድ መንገድም ክፈቱ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ጁን 3 የዓለም የብስክሌት ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። ከእናንተ መካከል በዚያ ቀን ብስክሌት የሚነዱ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁ። ያንኑ ብስክሌት ሌላ ቀን፣ ደመና ሲያጉረመርም፣ ደግማችሁ እንድታወጡት እለምናችኋለሁ።

እስከዚያው እኛ ማድረግ የምንችለውን እናደርጋለን። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ካፊያ ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ብረት ላይ መሪ አናዞርም፣ ቀለም ላይ ፍሬን አንይዝም፣ ውሃ ያቆረበትን ቦታ እንሸሻለን። ይህን ሁሉ የማያውቅ፣ ትናንት ብስክሌት የጀመረ ልጅም ግን በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ከወደቅኩ ወዲህ አንድ ደብተር ይዣለሁ። እስከ ዛሬ በምመላለስበት መስመር ብቻ 31 ቦታዎችን መዝግቤያለሁ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የትኛው ሰዓትና የትኛው አየር እንደሚያከፋው ጽፌያለሁ። አሥራ አንዱ ክዳን፣ ዘጠኙ ቀለም፣ አራቱ ፍርግርግ ነው፤ የቀሩት ጠጠርና ጉድጓድ ናቸው። የደብተሩን ግልባጭ ለሚረከበኝ ሰው ለመስጠት፣ ቦታዎቹንም በእግሬም ሆነ በብስክሌቴ ዞሬ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። የምለምነው የምትመጡበትን ቀን ከሰማዩ ጋር ተማክራችሁ እንድትመርጡት ብቻ ነው። ባልዲውን እኔ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በየቀኑ በመንገዳችሁ የሚመላለስ ብስክሌተኛ